በማድ ቤቱ ግድግዳ ውስጥ የነበረው ዘር

በዚያ ጠዋት ከማድ ቤቱ ጀርባ የነበርነው አምስት ነን። በቆምንበት ተራ ልቁጠረን። ለበሩ ቅርብ የነበረችው እናቴ ናት። የአባቴ ሙት ዓመት ካለፈ ገና አምስተኛ ቀኑ ስለነበር ከጥቁር ወደ ነጭ የቀየረችውን ልብስ አልለመደችውም፤ የነጠላዋን ጫፍ ደጋግማ ትነካካ ነበር። ከእሷ ቀጥሎ ታላቅ እህቴ፣ ጋን ስታጥብበት የቆየችውን የግራዋ ቅጠል እንደጨበጠች። ከእህቴ በስተግራ አጎቴ፣ የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ እኛ ቤት ሁሉም «አያ» የሚላቸው። ከጋፋት ማዶ ካለው ቀያቸው ለሙት ዓመቱ መጥተው፣ በዚያው የመሬት ጉዳይ ቀጠሮ ይዟቸው የሰነበቱ ናቸው። ከእሳቸው ኋላ ጎረቤታችን እትዬ፣ በአጥሩ ቀዳዳ ገብተው፣ ግማሽ ቀሚሳቸው ገና አጥሩ ላይ ተይዞ። አምስተኛው እኔ ነኝ፤ ክዳኗ በሚስማር የተበሳች የውሃ ፕላስቲክ ይዣለሁ። የእትዬ ቀይ ዶሮም ነበረች። እሷን ያልቆጠርኋት ሰው ስላልሆነች ብቻ ነው እንጂ በታሪኩ ውስጥ ድርሻ አላት።

ጉሙ ገና ከጉና በኩል አልተነሣም። የማድ ቤቱ ጭስ በክዳኑ ሥር ወጥቶ ወደ ላይ ከመሄድ ይልቅ ወደ እኛ ዝቅ ይል ነበር። ሁላችንም የምናየው ከመሬት አንድ ክንድ ተኩል ከፍ ብላ ያለችውን፣ የጭቃ ግድግዳውን እርጥብና ስንጥቅ ቦታ ነው። በስንጥቋ መሐል አንገቷን እንደ መርፌ ቁልፍ ያጠፈች፣ ሐመልማላዊ የሆነች፣ ከጥፍሬ የማትረዝም ነገር ቆማለች።

ይህችን ነገር ለመናገር ግን ወደ ኋላ መመለስ አለብኝ።

አባቴ አናጢ ነበር። ግን ከሠራው በርና መስኮት ሁሉ ይልቅ የሚኮራው በቲማቲሙ ነው። ደብረ ታቦር ለቲማቲም አገር አይደለም። በክረምት ዝናቡ ቅጠሉን ያጠቁረዋል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ያቃጥለዋል። ገበያችን የሚወጣው ቲማቲም ከቆላው፣ ከፎገራ በኩል፣ በመኪና ተጭኖ ነው። አባቴ ግን አንድ ቀን ለሥራ አንበሳሜ ወርዶ፣ ከገበያ ከአንዲት ሴት የገዛትን አንዲት ቲማቲም ሳይበላ ኪሱ ውስጥ ይዟት መጣ። ትንሽ ናት፣ ወገቧ እንደ ዱባ የተሸነሸነ፣ ጣዕሟ ኮምጠጥ ያለ። ሴትዮዋ «ይቺ ብርድ ትችላለች» ስላለችው ነው። በመጀመሪያው ዓመት ከተከላቸው ሁለት ቀሩ። ከሁለቱ ዘር ወሰደ። በሚቀጥለው ዓመት አምስት ቀሩ። እንዲህ እያለ ዓመት በዓመት ብርዱን ከቻሉት ብቻ ዘር እየያዘ፣ ከኛ ጓሮ በቀር የትም የሌለች ቲማቲም አወጣ። ይህን ሁሉ ከማንም አልተማረም። ሲያደርግ አይቼው ነው እኔም የተማርሁት።

ዘር አያያዙ እንዲህ ነበር። ከሁሉ ጤነኛ ከሆነው ተክል፣ ከታች በሁለተኛው ዘለላ ላይ የምትበስለውን ፍሬ አይቆርጣትም። ልስልስ ብላ በራሷ እስክትወድቅ ይጠብቃታል። ከዚያ ጨምቆ ዘሩን ከነውሃው በወንፊት ከተነፋ አመድ ጋር ይለውሰውና፣ ከማድ ቤቱ ጀርባ፣ ከምድጃው በስተኋላ ባለው ግድግዳ ላይ፣ በአውራ ጣቱ ይለጥፈዋል። ግድግዳው በእሳቱ ለብ ስለሚል ዘሩ ደርቆ ይቆያል፤ በክዳኑ ሥር ስለሆነ ዝናብ አያገኘውም፤ አመዱ ከነቀዝ ይጠብቀዋል። ጥር ሲመጣ አንዱን ልጣፊ በቢላ ያነሣና በውሃ ያሟሟዋል። ሌላውን ለሚቀጥለው ይተወዋል።

እያንዳንዱ ልጣፊ የአንድ ሳንቲም ስፋት አለው። በእያንዳንዱ ላይ የአውራ ጣቱ አሻራ አለ። አሻራውን ደግሞ ከሌላ ሰው ጣት የሚለየው ነገር ነበር፤ በወጣትነቱ መጋዝ ተንሸራትቶ ጣቱን አግድም ሲቆርጠው የቀረ ጠባሳ፣ አመዱ ላይ ቀጭን መስመር ሆኖ ይታተማል።

አባቴ የመጨረሻዎቹን ልጣፊዎች የለጠፈው በሰኔ ነው። በኅዳር ዐረፈ። ጥር ሲመጣ ማናችንም ዘር አላሰብንም። ጓሮው ያን ዓመት ጎመን እንኳ ሳያበቅል አለፈ።

ሙት ዓመቱ ሲቃረብ ቤታችን ጭንቅ ውስጥ ገባ። የገና ጾም ከመግባቱ በፊት መውጣት ስላለበት ቀኑ አጠረ። እኛ ዘንድ ደግሞ ካህናትና ዘመድ የሚገባበት ግቢ ግድግዳው ተሰነጣጥቆ አይቆይም። ሰው «ሟቹ ሲሄድ ቤቱም አብሮ ሄደ» እንዲል አይፈለግም። ቤቱን መምረግ የኔ ሥራ ሆነ። ጭቃውን ከጭድና ከእበት ጋር አብክቼ ሦስት ቀን አስቀመጥሁት። ሰኞ ዕለት እናቴና እህቴ እህል ሊያስፈጩ ወፍጮ ቤት ሄዱ። እኔ ከዋናው ቤት ጀምሬ፣ ማዕዘኑን በክር እየለካሁ፣ ከሰዓት በኋላ ማድ ቤቱ ጀርባ ደረስሁ።

ልጣፊዎቹን አየኋቸው። አላየኋቸውም ብል ውሸት ነው፤ እስከ ዛሬም ሰዎች ያላየሁ ይመስላቸዋል። ዙሪያውን ሁሉ መርጌ እነሱ ያሉበትን ክንድ የምታክል ቦታ ባዶ ተውሁት። ራቅ ብዬ ሳየው ግድግዳው መሐል ላይ አሮጌ ጨርቅ የተጣፈበት መሰለ። እትዬም ከአጥሩ ቀዳዳ ብቅ አሉ።

«አንተ፣ ይቺን ምን ብትበድልህ ነው ራቁቷን የተውኻት?»

«ዘር አለባት እትዬ።»

«የአምና ዘር? ወሩ ያለፈበት? ኧረ ተወኝ! ይልቅ ሰው እንዳይታዘባችሁ።»

በእሳቸው አላመካኝም። እኔም ከእሳቸው በፊት አስቤዋለሁ። ዘሩ ጥር አልፎበታል፣ ሞቷል አልሁ። ጭቃው በእጄ ላይ መድረቅ ጀምሯል። ጸሐይዋም ዘንበል ብላለች። መረግሁት። ሌላውን ግድግዳ በመዳፌ እየመታሁ ነው የለጠፍሁት፤ እነዚያ ላይ ግን በጣቴ ጫፍ ስስ አድርጌ አለበስኋቸው። ለምን እንደዚያ እንዳደረግሁ በጊዜው አልገባኝም።

እናቴ የዱቄቱን ጆንያ እንደተሸከመች በዚያ በኩል መጣች። ሸክሟን ሳታወርድ ቆመች። ጭቃው ገና ያበራ ነበር።

«ይኼንንም መረግኸው?»

«አዎ፣ እማ።»

«እሺ» አለች። «አበጀህ።»

ጆንያውን እንደተሸከመች ገባች። እህቴ ግን ክንዴን ይዛ ወደ አጥሩ ጎተተችኝ።

«የአባባን ጣት ቀበርኸው አይደል?» አለችኝ በሹክሹክታ።

«የምን ጣት?»

«አታይም እንዴ አንተ? ስንት ነገር በክር የምትለካ ሰውዬ! እማ ጠዋት ጠዋት ማድ ቤት ስትገባ አውራ ጣቷን እዚያ ላይ አሳርፋ ነው የምታልፈው። ዓመቱን ሙሉ።»

አይቻት አውቃለሁ። ልጣፊዎቹን የምትቆጥር፣ እንዳልረገፉ የምታረጋግጥ ነበር የመሰለኝ። ጥንቁቅ ነኝ እያልሁ ያን ያህል ነበር የማየው።

በማግስቱ ጠዋት እናቴ ማድ ቤት ለመግባት ቤቱን በሌላ በኩል ዞረች። በዚያ በኩል መንገድ የለም፤ እንጨት ተከምሮበታል። ቀሚሷን ሰብስባ በእንጨቱ ላይ ተሻገረች። ያን ሳይ ቢላ ይዤ ወጣሁ። ጭቃው ከላይ ሊደርቅ ሲጀምር ከታች ገና እርጥብ ነው። አንዱን ጥግ ስፍቀው የድሮው ጭቃም አብሮ ተገምሶ ወደቀ። በወደቀው ውስጥ የአመድ ቅንጣት ብቻ አየሁ።

«ምን እያደረግህ ነው አንተ ልጅ?»

አጎቴ በትራቸውን እንደያዙ፣ ጫማቸው ላይ የመንገድ ጭቃ እንዳለ፣ ከኋላዬ ቆመዋል። በዚያች ሰዓት መድረሳቸው ነበር።

«እፍቃለሁ፣ አያ።»

«ትናንት ለጥፈህ ዛሬ ትፍቃለህ? እናንተ ከተሜዎች ሥራ ሲጠፋ እንዲህ ነው የምታደርጉ?»

ነገርኋቸው። ሁሉንም ሳይሆን፣ ዘር ከሥሩ እንዳለና እናቴ እንዳዘነች ብቻ። መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ አኖሩ፤ ሐኪም ግንባር እንደሚነካው ዓይነት አያያዝ ነበር።

«ምድጃው ከዚህ ወዲያ ነው?»

«አዎ።»

«ይሞቃል። ጠላ ሊጠመቅ፣ እንጀራ ሊጋገር፣ እስከ እሑድ እሳቱ አይጠፋም። ጭቃው ደግሞ ርሷል። ታዲያ ዘር ሌላ ምን ይፈልጋል? ቢላህን ወዲያ በል። አጠጣው።»

«ግድግዳውን?»

«አዎ፣ ግድግዳውን። ከደረቀ ያልቅለታል፤ እርጥብ ሆኖ ከቆየ ግን ያለው ይወጣል፤ የሌለውም ይታወቃል።»

ስለዚህ ግድግዳ አጠጣሁ። የፕላስቲኳን ክዳን በሚስማር ስድስት ቦታ በሳሁና፣ ጠዋት፣ ቀትርና ወደ ማታ፣ ለብ ባለ ውሃ እንደ ካፊያ አደረግሁለት። ነፋስ እንዳያደርቀው ጆንያ አርሼ ከክዳኑ ማገር ላይ አንጠለጠልሁለት። የምሠራው ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ባለ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። የግብርና ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ለማባዛት ያመጡታል፤ እኔ ማሽኑ እስኪያወጣ አነባለሁ። ስለ ቲማቲም ሙቀትና እርጥበት ብዙ አንብቤአለሁ። በግድግዳ ውስጥ ስለተመረገ ዘር የጻፈ ተማሪ ግን አልገጠመኝም። ቀትር ላይ ሱቁን ለባልደረባዬ ትቼ በባጃጅ እየመጣሁ አጠጣ ነበር።

እትዬ ይህን ሲያዩ ሳቃቸው ከአጥሩ ወዲያ ይሰማል።

«እንዴ! ግድግዳም ይጠማዋል ዘንድሮ?»

«የቤቱን ጠላ የቀመሰ ሁሉ ሲጠማው ግድግዳው ምን በደለ?» ይላሉ አጎቴ። «እርሶስ ትናንት ስንት ጣሳ ነበር?»

«እኔማ ጥንስሱን ለማየት ነው የቀመስሁ!»

እናቴ ይህን ሁሉ ትሰማለች። ምድጃው ዘንድ ተቀምጣ እንጨት ትገፋለች። ግድግዳው በሷና በኔ መካከል ነው፤ እሷ ከውስጥ ታሞቀዋለች፣ እኔ ከውጭ አረጥበዋለሁ። ስናወራ የምንነጋገረው ስለ በርበሬ፣ ስለ ብርጭቆ፣ ማን እንደሚጠራ ነው። ያን ሳምንት ሳስታውሰው ሁሉም ነገር በእንፋሎት ውስጥ ነው የሚታየኝ፤ የጌሾ ሽታ፣ የእርጥብ ጭድ ሽታ፣ ከጆንያው ጠብ ጠብ የሚል ውሃ፣ ከወዲያ በኩል የእናቴ ሳል።

ቅዳሜ ዕለት እህቴ ጮኸች። «ወጣ! ወጣ!» ሮጥን። ሁለት ቀጥ ያሉ ሣር መሳይ ቅጠሎች ከጭቃው ወጥተዋል። አጎቴ ጎንበስ ብለው አዩና ቀና አሉ።

«ገብስ ነው። ከጭዱ ጋር የገባ።»

እናቴ በማድ ቤቱ በር ብቅ ብላ ነበር። «ገብስ ነው» ሲሉ ስትሰማ ተመለሰች። ከዚያች ቀን በኋላ ግድግዳውን ማየት ለራሴም ከበደኝ፤ ግን አላቋረጥሁም። እሑድ ሙት ዓመቱ ወጣ። ካህናቱ ጸሎተ ፍትሐቱን አድርሰው፣ ዘመድ በልቶ ጠጥቶ፣ «ግቢያችሁን እንዴት አሳመራችሁት» ብሎ ሄደ። እናቴም ጥቁሩን አወለቀች።

ዓርብ ጠዋት፣ ከመረግሁት በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ጆንያውን ስገልጥ ነው ያችን የታጠፈች አንገት ያየሁት። ማንንም አልጠራሁም ነበር። ግን ውሃ ማፍሰሴን ስላቆምሁ ዝምታው ሳይጠራቸው አልቀረም፤ አንድ በአንድ መጡ። መጨረሻ የመጣችው እናቴ ናት። በእንጨቱ በኩል ሳትዞር፣ በድሮው መንገድ።

«ገብስ አይደለም» አሉ አጎቴ። «ግን ምን እንደሆነ እንጃ። ጭቃው የመጣበት መስክ ብዙ አረም አለው።»

እናቴ ተጠጋች። ጎንበስ ብላ በሌባ ጣቷና በአውራ ጣቷ ያችን ግንድ ለመስበር ሳይሆን ለመንካት ያህል ዳሰሰቻት። ከዚያ ጣቷን ወደ አፍንጫዋ ወሰደችው። የቲማቲም ቅጠል ሽታ እጅ ላይ እንዴት እንደሚቀር የነካው ያውቀዋል። ለረጅም ጊዜ እጇን ከፊቷ አላወረደችም።

«ነው» አለች።

እትዬ እልል ለማለት አፋቸውን ሲከፍቱ ዶሮዋ ቀደመቻቸው። ማንም ሳያያት በእግሮቻችን መካከል ገብታ፣ ዘላ፣ ከታች በኩል ያልታየችንን ሌላ ቡቃያ ለቀመቻት። እህቴ በግራዋው ደበደበቻት። እትዬ እልልታቸውን ወደ እርግማን ቀየሩት፤ የገዛ ዶሯቸውን ለፋሲካ ሳይሆን ለነገ እናርዳታለን ብለው ማሉ፤ ጾም መግባቱን አጎቴ አስታወሷቸው።

በሦስት ቀን ውስጥ ሰባት ወጡ፤ ዶሮዋ የበላቻትን ሳንቆጥር። እዚያ ግን ሊያድጉ አይችሉም። ግድግዳ ነው፤ ሥራቸው የሚሄድበት የለም፤ ውርጩም እየመጣ ነው። ጭቃውን ቆርጠን ማውጣት ነበረብን። ጭቃው ሲነሣ ደግሞ ከሥሩ ያለው የአመድ ልጣፊ ሁሉ ይነሣል። ማንም አልተናገረውም፣ ግን ሁላችንም አውቀነዋል። ዘሩን ካወጣን አሻራው ይጠፋል፤ አሻራውን ከጠበቅን ዘሩ ግድግዳ ላይ ይደርቃል።

«እማ፣ አንቺ እንዳልሽ» አልኋት።

«ቢላ ስጠኝ» አለች።

ራሷ ቆረጠችው፤ እህቴና አጎቴ በስተግራዋ ቆመው ያያሉ። በእያንዳንዱ ቡቃያ ዙሪያ አራት ማዕዘን አድርጋ፣ ቢላውን ከኋላ አስገብታ፣ ጭቃውን ከነአመዱ እያላቀቀች መዳፌ ላይ አስቀመጠችው። እኔ የተቆረጠ የዘይት ጀሪካን ውስጥ፣ ከአፈር፣ ከበሰበሰ ፍግና ከጥቂት አሸዋ ጋር ባዘጋጀሁላቸው ቦታ አኖርኋቸው። ሦስተኛዋን ስታነሣ እጇ ቆመ። የጭቃውን ጀርባ ወደ ብርሃን መለሰችው። ለትንፋሽ ያህል አየችውና መዳፌ ላይ አደረገችው። እኔም አየሁ። አግድም ያለፈ ቀጭን መስመር ያየሁ መሰለኝ፤ ጠባሳው አመዱ ላይ ያተመው፣ በጭቃዬ ላይ ተገልብጦ። ግን እርጥብ ነበር፤ በእጄ ላይ ወዲያው ፈረሰ። የጭድ ሰበዝ ያተመው ሊሆንም ይችላል።

ችግኞቹን ታኅሣሥንና ጥርን እንዴት እንዳሳለፍኋቸው ደብተሬ ላይ አለ። ማታ ማታ ማድ ቤት አስገባቸዋለሁ፣ ጸሐይ ስትሞቅ አወጣቸዋለሁ። ውሃ የምሰጣቸው በጠዋት ብቻ ነው፤ ከግንዱ ሥር እንጂ ቅጠላቸው ላይ ጠብታ አይነካም። በቅርንጫፍና በግንድ ብብት የምትወጣዋን ትርፍ ቡቃያ ገና ልጅ ሳለች በጥፍሬ አነሣታለሁ። አንዷ ጥር ላይ አንገቷ ከአፈሩ ጋር በተገናኘበት ቀጥናና ጠቁራ ወደቀች፤ አብዝቼ ስላጠጣኋት ነው። ከዚያ ወዲህ ጣቴን አፈሩ ውስጥ እስከ ሁለተኛው አንጓ ሳልከት አላጠጣም። የካቲት ሲጋመስ ስድስቱን ከማድ ቤቱ ግድግዳ ሥር በክንድ ልዩነት ተከልኋቸው። ለእያንዳንዳቸው የባሕር ዛፍ እንጨት አቆምሁና፣ ሲወፍሩ እንዳያንቃቸው ላላ አድርጌ በአሮጌ ጨርቅ ክር አሠርኋቸው። መሬት የሚነኩትን የታች ቅጠሎች ቆረጥሁ፤ ዝናብ አፈር ሲረጭባቸው በሽታ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ከሥራቸው ጭድ አነጠፍሁ። ጥቁር ነጥብ ያየሁበትን ቅጠል ሁሉ ነቅዬ ከግቢ ውጭ አቃጠልሁት። አባቴ ይህን ሁሉ ሲያደርግ ለምን እንደሚያደርገው አይናገርም ነበር። ምክንያቱን ያገኘሁት ከተማሪዎቹ ወረቀት ነው። እሱ ምክንያቱን ሳያነብ እንዴት ደረሰበት የሚለው ግን እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

እናቴ ጠዋት ወደ ማድ ቤት ስትገባ በዚያው ታልፋለች። ግድግዳው ላይ ሰባት የተቆረጡ ጉድጓዶች አሉ፤ ልመርጋቸው ስል «ተዋቸው» አለችኝ። አውራ ጣቷን ግን የምታሳርፈው ግድግዳው ላይ መሆኑ ቀርቶ ቅጠል ላይ ሆነ። ከዚያ እጇን ታሸታለች።

ግንቦት ላይ ቀላ። ወገቧ የተሸነሸነ፣ ትንሽ፣ ኮምጠጥ ያለች። የመጀመሪያዋን ቆርጠን ለአራት ተካፈልናት፤ አጎቴ ለቀጠሯቸው መጥተው ስለነበር። «ኮመጠጠች» አሉ ፊታቸውን አኮማትረው፣ ከዚያ የእህቴን ድርሻ ጭምር በሉባት። ከሁሉ ጤነኛ በሆነችው ተክል፣ ከታች በሁለተኛው ዘለላ ላይ ያለችውን ፍሬ ቀይ ክር አሰርሁባት። ማንም አልነካትም። ሰኔ ሲገባ በራሷ ወደቀች።

እናቴ አመዱን ነፋች። እኔ ጨመቅሁ። ለውሳ፣ በአውራ ጣቷ ከጉድጓዶቹ ጎን ለጠፈች። የሷ ጣት ጠባሳ የለውም፤ አሻራው ሙሉ ነው፣ ክብ በክብ ላይ። አራተኛውን ከለጠፈች በኋላ ሳታየኝ እንዲህ አለችኝ፦

«አይተህ ነው የመረግኸው።»

ጭማቂው በክንዴ ይወርድ ነበር። «አዎ፣ እማ።»

«አውቃለሁ። ከወፍጮ የመጣሁ ዕለት ነው ያወቅሁት። ሌላው ግድግዳ መዳፍ ነው፤ እዚያ ላይ ግን የጣት ጫፍ ነበር። ስስ አድርገኸዋል።»

«ለምን ዝም አልሽ ታዲያ?»

«ወፍራም አድርገኸው ቢሆን እናገር ነበር» አለች። ከዚያ አመዱን ወደኔ ገፋችው። «በል፣ ያንተንም ጣት አድርግበት።»

አደረግሁበት። አምስተኛው ልጣፊ የኔ ነው፤ ትንሽ ጠመም ብሏል።

ይህን የምጽፈው ያ ግድግዳ ከፊቴ ሆኖ ነው። የሚጎድሉኝ ነገሮች አሉ፤ በእነዚያ ቀናት የነበራችሁ ሙሉልኝ። አባባ የለጠፋቸው ዘጠኝ ነበሩ እላለሁ፤ እህቴ፣ አንቺ አሥራ አንድ ናቸው ትያለሽ፣ ከመመረጉ በፊት የቆጠርሻቸው መቼ እንደነበር ንገሪኝ። አያ፣ መዳፍዎን ግድግዳው ላይ ሲያኖሩ ዘሩ እንደሚወጣ በእርግጥ አውቀው ነበር ወይስ እኔን ለማጽናናት ነው? እትዬ፣ ዶሮዋ የበላቻት አንድ ናት ወይስ ሁለት? አሁንስ ይማሩኝና እውነቱን ይንገሩኝ።

ከሁሉ በላይ ደግሞ የሦስተኛዋ ችግኝ ጭቃ። እናቴ ወደ ብርሃን ስትመልሰው በስተግራዋ የቆማችሁ ሁለታችሁ፣ እህቴና አያ፣ ከኔ ይልቅ ለመስመሩ ቅርብ ነበራችሁ። እናቴን ጠይቄያታለሁ፤ «ያየኸውን አይተሃል» ብቻ ነው ያለችኝ። ካያችሁት አግድም ነበር ወይስ ዘንበል ያለ፣ ከላይ ይጀምር ወይስ ከመሐል፣ ንገሩኝ። ደብተሩ ላይ ለመልሳችሁ አንድ ባዶ መስመር ትቻለሁ።